የሃኖይን ባ ዲን አደባባይ በአንድ ቀን ለመጎብኘት፦ ከጠዋቱ ባንዲራ እስከ ማታው

«ያ ሆ ቺ ሚን ያለበት አደባባይ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው? ዝም ብሎ ይገባል ወይ?» ከሀገር ቤት ወደ ሃኖይ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሐምሌ 2017 ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው በዝቷል። ዕቃ ሊያዩ የሚመጡ ነጋዴዎች አሉ፣ ለስብሰባ የሚመጡ አሉ፣ አንድ ቀን ብቻ አድረው የሚያልፉም አሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ባ ዲን የቬትናም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆ ቺ ሚን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 የሀገሩን ነጻነት ያወጀበት አደባባይ ነው። በምዕራብ በኩል መካነ መቃብሩ ቆሟል፤ አስከሬኑ ዛሬም እዚያው ውስጥ በመስታወት ሥር ተኝቷል። ይህን ከወዲሁ ያወቀ ሰው ከታች ያሉት ደንቦች አይከብዱትም። አደባባዩ መናፈሻ ይመስላል እንጂ ለቬትናሞች ለቅሶ ቤት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ፓስፖርትና የታተመ ኢ-ቪዛ። ቅጂ ስልካችሁ ውስጥም ይኑር።
- ጉልበት የሚሸፍን ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ እጅጌ ያለው ልብስ። ቁምጣ፣ እጅጌ አልባ ካናቴራ፣ አጭር ቀሚስ አይሆንም።
- ብዙ የሚያስኬድ ጫማ።
- ትንሽ ቦርሳ፣ ወይም ጭራሽ ያለ ቦርሳ።
- ዘርዘር ያለ የቬትናም ዶንግ።
- ኢንተርኔት ያለው ሲም ካርድና የግራብ መተግበሪያ። ግራብ እኛ ጋ እንደ ራይድ ነው፤ በመኪናም በሞተርም ይጠራል።
- በበጋቸው ጃንጥላ ወይም ኮፍያ (መቃብሩ በር ላይ ይወልቃል)፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሹራብ። ሃኖይ ሁሌ ሙቀት ነው ብላችሁ እንዳትመጡ፤ የክረምቱ ጠዋት ያንቀጠቅጣል።

በመጀመሪያ ሰዓቱን እንስማማ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ሃኖይ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ከዚያ ላይ እነሱ የሚቆጥሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማስታወቂያ ላይ «7:30» የሚለውን በእኛ ቆጥሮ ከሰዓት የሄደ ሰው የተዘጋ በር ነው የሚጠብቀው። መቃብሩ የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነውና። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር፣ በሃኖይ ሰዓት ነው።

በሞቃቱ ወቅት፣ ማለትም ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 (ከመጋቢት 23 እስከ ጥቅምት 21 ገደማ)፦ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 4:30። ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል ቀን እስከ 5:00።

በቀዝቃዛው ወቅት፣ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31፦ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከጠዋቱ 2:00 እስከ 5:00። ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል ቀን እስከ 5:30።

ሰኞና ዓርብ ዝግ ነው። ከዚህ የሚወጡት ሜይ 19 (የሆ ቺ ሚን ልደት)፣ ሴፕቴምበር 2 (ብሔራዊ በዓላቸው) እና የቴት፣ ማለትም የአዲስ ዓመታቸው፣ የመጀመሪያ ቀን ናቸው። እነዚህ ሰኞ ወይም ዓርብ ላይ ቢውሉም ይከፈታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መቃብሩ በየዓመቱ ለጥገና ሁለት ወር ገደማ ይዘጋል። በቅርብ ዓመታት ይህ የሆነው ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ፣ ማለትም ሰኔና ሐምሌን ይዞ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ነው። ቀኑ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዓመቱን ማስታወቂያ እዩ። በዚያ ጊዜም ቢሆን አደባባዩና የባንዲራው ሥነ ሥርዓት አይቋረጡም፤ የሚቀርባችሁ ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው።

ደረጃ በደረጃ

1. ኢ-ቪዛችሁን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አመልክቱ።
ቬትናም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለሁሉም ሀገር ዜጋ እስከ 90 ቀን የሚያቆይ ኢ-ቪዛ ትሰጣለች። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ክፍያው 25 ዶላር ነው። አድራሻው በ«ጎቭ ዶት ቪኤን» የሚያልቀውን የመንግሥት ገጽ ተጠቀሙ። መንግሥት መስለው እጥፍ የሚያስከፍሉ የደላላ ገጾች ብዙ ናቸው።
ለእኛ ሰው ሁለት ቦታ አስቸጋሪ ነው። አንዱ ስም ነው። የራሳችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍና ቅደም ተከተል ሙሉ። አንድ ፊደል ከተለየ አየር ማረፊያ ላይ ያስቆማችኋል። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ጻፉ እንጂ በቃል የምታውቁትን አይደለም።

2. ቀናችሁን ምረጡ።
ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ የተሻለ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከየክፍለ ሀገሩ በአውቶቡስ የሚመጡ ቤተሰቦችና ተማሪዎች ስለሚበዙ ሰልፉ ይረዝማል። ያላችሁ ቀን ሰኞ ወይም ዓርብ ብቻ ከሆነ ደረጃ 4ን እና 9ን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባንዲራው በየቀኑ ይሰቀላል፣ የደረጃ 9 ቦታዎች ግን በዚያ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚከፈቱ አስቀድማችሁ አጣሩ።

3. ከማረፊያችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሡ።
ብዙ እንግዳ የሚያርፈው በሆአን ኪየም ሐይቅ ዙሪያ ነው። ከዚያ እስከ አደባባዩ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ስለሆነ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ለሾፌሩ «ባ ዲን» ስትሉት ካልገባው «ላንግ ባክ» በሉት። «ላንግ» መቃብር ነው። «ባክ» ደግሞ የአባት ታላቅ ወንድም የሚጠራበት ቃል ነው። ሆ ቺ ሚንን በስሙ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው፤ ሕፃን አዋቂው «ባክ ሆ» ይለዋል፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። «ላንግ ባክ» ሲባል የማያውቅ የሃኖይ ሾፌር የለም።

4. ባንዲራው ሲሰቀል ተገኙ።
በሞቃቱ ወቅት ከጠዋቱ 12:00፣ በቀዝቃዛው 12:30 ላይ ይጀመራል። ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ አንዴ ሙዚቃው ከጀመረ ጠባቂዎቹ ወዲያ ወዲህ አያስብሉም።
ነጭ የለበሱ 34 ወታደሮች በሰልፍ ይመጣሉ። ቁጥሩ በከንቱ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 22 ቀን 1944 የሠራዊታቸውን የመጀመሪያ ቡድን የመሠረቱት 34 ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ብሔራዊ መዝሙሩ ይሰማል፣ ባንዲራው ይወጣል። በዚህ ጊዜ ኮፍያ አውልቃችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ግን ከቆማችሁበት ሳትንቀሳቀሱ።
መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። አሮጌ የወታደር ኮት ለብሰዋል፣ ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ ተደርድሯል። መዝሙሩ ሲጀምር ከዘራቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው ያለ ድጋፍ ቆሙ። እስኪያልቅ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ሰው ሳመጣ «ዝም በሉ» ብዬ አስቀድሜ የምናገረው ለዚህ ነው። አጠገባችሁ ማን እንደቆመ አታውቁም።

5. አደባባዩን ከፊት ለፊት እዩት፣ ፎቶ አንሡ።
የመቃብሩ ፊት ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ ግራጫውን ድንጋይ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ከሰዓት ግን ፀሐይዋ ከኋላው ስለምትሆን ፎቶው ይጠቁራል። ለፎቶ ብላችሁ ከሰዓት እንዳትመለሱ።
ሜዳው ከ200 በላይ በሆኑ የሣር መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ በመካከላቸው ጠባብ መንገዶች አሉ። በመንገዶቹ ሂዱ። ሣሩን የረገጠ ሰው ወዲያው ፊሽካ ይነፋበታል። መቃብሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ የተሰመረ መስመርም አለ፤ እሱን አልፎ መጠጋት ክልክል ነው። ፊሽካ ከሰማችሁ አትደንግጡ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ያልቃል።

6. ቁርስ ብሉ፣ ግን ቶሎ።
ከባንዲራው በኋላ መቃብሩ እስኪከፈት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አለ። ከአደባባዩ ወጣ ስትሉ በየጎዳናው ዳር ፎ፣ ማለትም የሩዝ ፓስታ ያለበት ትኩስ ሾርባ፣ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ረቡዕ ከሄዳችሁና ጿሚ ከሆናችሁ «አን ቻይ» በሉ፤ በቡድሂስቶች ሥርዓት ሥጋ የሌለበት ምግብ ማለት ነው። ወተትና እንቁላል ሊገባበት ስለሚችል ግን ጠይቁ። መቃብሩ ውስጥ ምግብና መጠጥ ስለማይገባ ውኃችሁን እዚህ ጠጥታችሁ ጨርሱ። መጸዳጃ ቤትም እዚሁ ተጠቀሙ፤ አንዴ ሰልፍ ከገባችሁ መውጫ የለም።

7. በንጎክ ሃ መንገድ በኩል ሰልፍ ያዙ።
ብዙ ሰው መቃብሩን ፊት ለፊት ስለሚያየው በዚያው ሊገባ ይሄዳል። አይቻልም። የጎብኚ መግቢያው ከኋላ በኩል በንጎክ ሃ መንገድ ነው። ከአደባባዩ ዙሮ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ መክፈቻው ሰዓት ሳይደርስ ጉዞ ጀምሩ።
እዚያ እንዲህ ይሆናል። ዕቃችሁ በኤክስሬይ ያልፋል። ትልቅ ቦርሳና ካሜራ ይሰበሰባል፣ መለያ ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩን አትጣሉ፤ ዕቃው የሚመለሰው በሱ ነው። ደግሞ ዕቃው ሁልጊዜ በሰጣችሁበት ቦታ አይደለም የሚመለሰው፤ «ከየት ነው የምወስደው?» ብላችሁ በምልክትም ቢሆን ጠይቁ። ፓስፖርትና ገንዘብ ከእናንተ አይለይ። የመግቢያ ክፍያ ከተጠየቃችሁ መስኮቱ ላይ በተለጠፈው ዋጋ ክፈሉ፣ በሰልፉ ዳር «አሳልፋችኋለሁ» ለሚል ሰው ምንም አትስጡ።

8. ውስጥ ስትገቡ ወታደሮቹ እንደሚያሳዩአችሁ ሁኑ።
በሩ ጋ ስትደርሱ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትሰለፋላችሁ። ኮፍያና የፀሐይ መነጽር ይወልቃል። ስልክ ጠፍቶ ኪስ ይገባል። እጅ ከኪስ ይወጣል፤ ደረት ላይ ማጣመርም አይፈቀድም፣ ወደ ጎን ይለቀቃል። ወሬ የለም፣ ሹክሹክታም ቢሆን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፊታችሁም ኋላችሁም ያለው ሰው ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣው ሊሰናበት ነው።
ደረጃ ትወጣላችሁ፣ አየሩ በድንገት ይቀዘቅዛል። አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ነው። አስከሬኑ ከእናንተ ዝቅ ብሎ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል፣ ፊቱና እጆቹ ላይ ለስላሳ ብርሃን አለ፣ በአራቱ ማዕዘን ወታደሮች ቆመዋል። መንገዱ በሦስት ጎኑ ያዞራችኋል። መቆም አይቻልም። ጠቅላላው ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ ስለዚህ ዓይናችሁን ወዲያ ወዲህ ሳታባክኑ እዩ።
ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት የሚያየውን ንገሩት። ሳይነገረው የሞተ ሰው ያየ ልጅ ይደነግጣል፣ ቢያለቅስ ደግሞ ይዛችሁ የምትመለሱበት ቦታ የለም።

9. ስትወጡ ቀሪውን ጊቢ በቅደም ተከተል ጨርሱ።
መውጫው ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ጊቢ ይመራችኋል። ለዚህ ትኬት ያስፈልጋል። ቢጫው ሕንፃ ለፈረንሳይ ገዥ የተሠራ ነው፤ ከውጭ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ በኩሬው ዳር ሆ ቺ ሚን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የኖረበት የእንጨት ቤት አለ። በምሰሶ ላይ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ አንድ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ጥቂት መጻሕፍት ይታያሉ። በትልቁ ቤተ መንግሥት አልኖርም ያለ መሪ የት እንደኖረ ታያላችሁ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ጊዜ ስጡት።
ቀጥሎ ባለ አንድ ምሰሶው ፓጎዳ ይገኛል። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1049 ሲሆን አሁን የምታዩት እ.ኤ.አ. በ1955 እንደገና የተሠራው ነው። ትንሽ ነው፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከጎኑ የሆ ቺ ሚን ሙዚየም አለ።
የእንጨት ቤቱም ሙዚየሙም እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ይዘጋሉ። ከመቃብሩ ዘግይታችሁ ከወጣችሁ በር ላይ ትቆማላችሁ። መቃብሩ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ መካከል ሁኑ የምለው ለዚህ ነው።
ጉልበት ከቀራችሁ ከአደባባዩ ምሥራቅ በሆአንግ ዲው መንገድ በኩል እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የታንግ ሎንግ ቤተ መንግሥት ይዞታ አለ። ካልቀራችሁ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ባንዲራው ይወርዳል። ይህ የተረጋጋ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ልጆቹን ይዞ በእግሩ ይመጣል፣ መብራቱ ድንጋዩ ላይ ያምራል። ጠዋት መነሣት ያልሆነለት ሰው ይህን ይያዝ።

ማስጠንቀቂያ

- መንገድ ስትሻገሩ አትሩጡ፣ አትመለሱ። ሞተሮቹ እናንተን አስልተው ነው የሚያልፉት። በእኩል እርምጃ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ድንገት የቆመ ወይም ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው ነው የሚገጨው። ለአውቶቡስና ለመኪና ግን ቁሙ።
- ድሮን ይዛችሁ እንዳትመጡ። አካባቢው ፓርላማውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ነው።
- ወታደር ወይም የመንግሥት ሕንፃ በቅርብ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በምልክት ጠይቁ። እጁን ካወዛወዘ «አይሆንም» ማለት ነው።
- ስለ ሆ ቺ ሚን ቀልድ አታውሩ፣ በአማርኛም ቢሆን። ሳቅ ትርጉም አያስፈልገውም።
- 20 ሺህና 500 ሺህ ዶንግ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ስትከፍሉ ዜሮዎቹን ቁጠሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

*ሰኞ መሄድ።* እኔም አንድ ጊዜ ከሀገር ቤት የመጡ እናትና ልጅ ይዤ ሰኞ ሄጃለሁ። በጉዞ ወኪል በኩል የተሰጠን ፕሮግራም ላይ ሰኞ ተብሎ ስለተጻፈ አላጣራሁም ነበር። እማማ ማክሰኞ ንጋት በረራ ነበራቸው። ከሩቅ አይተው ተመለሱ። ፕሮግራማችሁን ሌላ ሰው ቢያወጣላችሁም ቀኑን ራሳችሁ አረጋግጡ።

*ሻንጣ ይዞ መምጣት።* ከሆቴል ወጥተው በዚያው ወደ አየር ማረፊያ የሚያልፉ ሰዎች ይህን ያደርጋሉ። ሻንጣውን ሆቴሉ ተዉት፤ አብዛኛው ሆቴል ያስቀምጥላችኋል። ኖይ ባይ አየር ማረፊያ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ መመለሻውን ጊዜ አስቡበት።

*ነጠላ ለብሶ መጨነቅ።* እናቶች «ነጠላዬ ይከለከላል ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ትከሻን የሚሸፍን ጨዋ ልብስ ነው፣ አይከለከልም። ፍተሻው ላይ ገልጠው እንዲያሳዩ ሊጠየቁ ይችላሉ፣ ራሳቸውን ሸፍነውበት ከሆነም በሩ ላይ ወደ ትከሻቸው ያውርዱት።

*ከበሩ ፊት ግራብ መጥራት።* በአደባባዩ ዳር መኪና ማቆም አይፈቀድም። ሾፌሩ ይዞራል፣ እናንተም ትጠብቃላችሁ፣ በመጨረሻ ይሰርዘዋል። አንድ ሁለት መንገድ ወጣ ብላችሁ ሱቅ ወይም ካፌ በር ላይ ሆናችሁ ጥሩ፤ የቆማችሁበትን ስም ካርታው ላይ ስለሚያገኘው በቶሎ ይደርሳል።